በቀን 60 ቃል ተሸምድዶ በሳምንቱ ባዶ፤ ለጂአርኢ የሚሆን የእንግሊዝኛ ቃላት እንዴት ነው የሚያዘው?

ንቢቱ ጠየቀች፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው አጭር ነው። ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚጠየቀው የጂአርኢ ፈተና 5 ወር ቀርቶታል። በእጅ ያለው 3000 ገደማ ቃላት የያዘ ዝርዝር ነው፤ በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ። በቀን 60 ሲሸመደድ ማታ ላይ ሁሉም ይመለሳል፤ በሳምንቱ ግማሹ የለም፤ የቀረውም ጽሑፍ ውስጥ ሲመጣ ባዳ ይሆናል። በቀን 1 ሰዓት ከሩብ መመደብ ይቻላል። የቀኑ ቁጥር ስንት ይሁን? የአማርኛው ፍቺ ይግባ ወይስ ይውጣ? የላቲንና የግሪክ ሥር ማጥናትስ ጊዜ ማባከን ነው?

ጋሼ ፊደል፦

እህቴ፣ ስለ ቁጥሩ ከመነጋገራችን በፊት መሠረቱ ይለካ። የጂአርኢ ዝርዝር የሚጠቅመው ከሥሩ ያለው ቃል ለሞላለት ሰው ነው። ከሥሩ ያለው ደግሞ ሁለት ንብርብር ነው። አንዱ ዕለታዊው፣ 2000 ገደማ የቃል ቤተሰብ ነው፤ ማይክል ዌስት እ.ኤ.አ. በ1953 ያወጣው ዝርዝር የዚህ አባት ነው። ሁለተኛው በኒውዚላንድ፣ በዌሊንግተኑ የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲ፣ አቨሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ነው። 570 የቃል ቤተሰብ አለው፤ በ10 ንዑስ ዝርዝር ተከፍሏል፤ ዘጠኙ 60 60፣ የመጨረሻው 30። የተለቀመው 3.5 ሚሊዮን ቃል ካለው የትምህርት ጽሑፍ ክምችት ሲሆን፣ በእንዲህ ያለ ጽሑፍ ውስጥ ከ10 ቃል አንዱ ገደማ ከዚያ ዝርዝር ይወጣል። ቤተሰብ ማለት በእኛው ቋንቋ ጻፈ፣ ጸሐፊ፣ ጽሑፍ፣ መጽሐፍ፣ ጽሕፈት እንደማለት ነው፤ አንዱን የያዘ ሌላው ብዙ አያስቸግረውም።

አለካኩ እንዲህ ነው። ከሦስት የተለያዩ ጉዳዮች፣ ለምሳሌ ከሥነ ሕይወት፣ ከታሪክና ከኪነ ጥበብ፣ 200 200 ቃል የሚሆን አንቀጽ ውሰጂ። የማታውቂውን ብቻ ሳይሆን «መሰለኝ» የምትዪውንም አስምሪበት። ከ200ው 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 98 በመቶውን ታውቂያለሽ ማለት ነው፤ ወደ ጂአርኢ ዝርዝር እለፊ። 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የጂአርኢውን ለጊዜው አስቀምጪና 570ውን ጨርሺ። ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት፣ የታተመ ጽሑፍን 98 በመቶ ለመሸፈን ከ8000 እስከ 9000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል። ስለዚህ 3000ውን ብርቅዬ ቃል ሸምድዶ መሐል ላይ ያለውን መዝለል ጣሪያን ያለ ግድግዳ ማቆም ነው።

እኛ አገር የሚያሳስተው ይኸው የመሐሉ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ መማሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ «ኮንስቲትዩት»ን፣ «ዲራይቭ»ን፣ «አሱም»ን ሁሉም አይቷቸዋል። ማየት ግን ማወቅ አይደለም። መፈተኛው ቀላል ነው፦ መጽሐፉን ዘግተሽ በቃሉ አንድ ትክክለኛ ዓረፍተ ነገር ሥሪ። ካልመጣ፣ ቃሉ ገና እንግዳ ነው።

ካርድ ቆጣሪ፦

የጋሼ ልኬት ይቅደም፤ እኔ ወደ ሒሳቡ ልሂድ። (ካርድ ስል የሞባይል ካርድ አይደለም፤ ፊቱ ላይ ጥያቄ፣ ጀርባው ላይ መልስ ያለው የማጥኛ ካርድ ነው።)

60 የሚያፈርሰው ለዚህ ነው። አንድ አዲስ ካርድ ዛሬ ታይቶ አያበቃም፤ ነገ፣ ከ3 ቀን፣ ከሳምንት፣ ከ3 ሳምንት በኋላ እየተመለሰ ይጠይቃል። በልምድ የሚሠራበት ቀመር፣ የቀን ክለሳ የቀኑን አዲስ ካርድ ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይሆናል የሚል ነው። በቀን 60 አዲስ ማለት ወሩ ሳይሞላ በቀን ከ420 እስከ 600 ክለሳ ነው። ለአንድ ካርድ 8 ሴኮንድ ብትሰጪ ከ56 እስከ 80 ደቂቃ ይበላል። ያለሽ 75 ደቂቃ ነው። አዲሱን የምታዪበትም የምታነቢበትም ጊዜ አልቋል፤ ስለዚህ ክለሳው ይዘለላል፤ የተዘለለው ይረሳል።

በ12 አዲስ ካርድ ደግሞ ክለሳው ከ84 እስከ 120፣ በደቂቃ ከ11 እስከ 16 ነው። 120 ቀን በ12 ሲባዛ 1440 ቃል። የመጨረሻው 30 ቀን አዲስ ቃል አይገባበትም፤ ክለሳና የሙከራ ፈተና ብቻ። 1440 የተያዘ ቃል ከ3000 የታየ ቃል ይበልጣል።

ካርዶቹን በየጊዜያቸው መልሶ በሚጠይቀው መተግበሪያ፣ በአንኪ ላይ የሚስተካከሉት፦

አዲስ ካርድ በቀን፦ መጀመሪያ ላይ 20 ሆኖ ነው የሚመጣው፣ 12 አድርጊው። የክለሳ ጣሪያው 200 ነው፣ አትንኪው።

ኤፍኤስአርኤስ የሚባለውን አዲሱን የጊዜ ቀማሪ አብሪው። እንዲታወስ የምትፈልጊው መጠን 0.90 ላይ ይቆይ። «እኔ 0.97 ነው የምፈልገው» የሚል ሰው ክለሳው በብዙ እጥፍ ሲቆለልበት ነው የሚነቃው።

ትልቁ ስሕተት የአዝራሩ ነው። ቃሉ ጠፍቶብሽ ሳለ «አጌን»ን (እንደገና) ትተሽ «ሃርድ»ን አትጫኚ። «ሃርድ» ማለት «አስታወስኩት፣ ግን አስቸገረኝ» ነው። በሐዘኔታ የሚጫን ሰው ቀማሪውን ያታልላል፤ ያልታወቀው ቃል ከሳምንታት በኋላ ነው የሚመለሰው።

8 ጊዜ የወደቀ ካርድን አንኪ ራሱ «ሊች» ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ አልቅት እንደማለት ነው። አልቅትን ዘጠነኛ ጊዜ አትታገዪው። ወይ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሪ ወይ ካርዱን ጣዪው።

የካርዱ ፊት ብቻውን የቆመ ቃል አይሁን። ለምሳሌ «ሚቲጌት»ን (ማቃለል) ብንወስድ፣ ፊት ለፊቱ ላይ «አዲሶቹ ቦዮች የጎርፉን ጉዳት…» የሚል ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ሆኖ፣ የቃሉ ቦታ ክፍት፣ የመጀመሪያዋ ፊደል ብቻ የምትታይ። ጀርባው ላይ ቃሉ፣ ድምፁ፣ በ5 ቃል የማይበልጥ ፍቺ፣ ከዚያ ሁለት ሦስት ጓደኞቹ፦ ጉዳትን፣ አደጋን፣ ተጽዕኖን ነው «ሚቲጌት» የሚያደርጉት። ሰውን አይደለም። እዚህ ለንባብ እንዲመች በፊደላችን ጻፍኩት እንጂ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛው ፊደል ነው መሆን ያለበት፤ አለዚያ ፈተናው ላይ መልኩን አታውቂውም።

ንቢቱ፦

አመሰግናለሁ፣ ሒሳቡ አሳማኝ ነው። አንድ ነገር ግን አለ። የሚጠፉት በብዛት በጅምላ ነው። ለምሳሌ «ታሲተርን»፣ «ሬቲሰንት»፣ «ላኮኒክ»፣ «ተርስ» አራቱም ዝርዝሩ ላይ «ዝምተኛ» ወይም «ቁጥብ» ነው የሚላቸው። አንዱ በሌላው ይደበላለቃል።

የማታ አንባቢ፦

የዝርዝሩ ጥፋት ነው፣ የአንቺ አይደለም። ተመሳሳይ ቃላትን በአንድ ቀን አብሮ ማስገባት የሚመች ይመስላል፤ ውጤቱ ግን መደባለቅ ነው። አእምሮ የሚይዘው ልዩነትን ሆኖ ሳለ ያቀረብሽለት መመሳሰልን ብቻ ነው። መጀመሪያ አንዱን፣ ከ10 ቀን በኋላ ሁለተኛውን፤ ሁለቱም ሲጸኑ ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አነጻጽሪ።

አራቱን እንለያቸው። «ታሲተርን» ጠባይ ነው፤ ሰውየው በተፈጥሮው ዝምተኛ ነው፣ ሠርግ ቤትም ልቅሶ ቤትም ያው። «ሬቲሰንት» ጉዳይ ይፈልጋል፤ ሌላ ሌላውን ያወራል፣ ስለ ገንዘቡ ወይም ስለ ቤቱ ሲጠየቅ ግን ይሰበስባል። ስለዚህ ከኋላው ብዙ ጊዜ «አባውት» ይከተለዋል። «ላኮኒክ» ይናገራል፣ ግን በሁለት ቃል ይጨርሰዋል፤ ነቀፋ የለበትም፣ እንዲያውም ለዛ አለው። ቃሉ የመጣው ስፓርታ ካለችበት ከላኮኒያ አውራጃ ነው። የመቄዶንያው ፊልጶስ «አገራችሁ ከገባሁ አጠፋችኋለሁ» ብሎ ሲልክ መልሱ «ከገባህ» ብቻ ነበር ይባላል። «ተርስ» ሰውየውን ሳይሆን ንግግሩን ወይም ደብዳቤውን ነው የሚገልጸው፤ አጭር ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም ቆጣ ያለ።

እንዲህ ሲለያዩ አይጠፉም። «ዝምተኛ» ሲባሉ ግን አራቱም አንድ ሰው ናቸው።

በመልክ የሚመሳሰሉትንም እንዲሁ አራርቂያቸው። «ኢንጂኒየስ» ብልኀተኛ ነው፤ «ኢንጄንዩወስ» ተንኮል የሌለበት የዋህ ነው። በእንግሊዝኛ አጻጻፋቸው የሚለዩት በአንዲት ፊደል ነው፤ ፈታኞቹም ይህን ያውቃሉ።

ሥርወ ቃል፦

ስለ ላቲንና ግሪክ ሥር ለተጠየቀው፦ ጊዜ ማባከን አይደለም፣ ልክ ካለው። ከ30 እስከ 40 ሥርና 20 ገደማ ቅጥያ ይበቃል። አማርኛ ተናጋሪ ለዚህ ባዳ አይደለም፤ ከሥር ቃል ማርባት በእኛ ቋንቋ የዕለት እንጀራ ነው። «ሎኩ» መናገር ነው፤ ከሱ «ሎክዌሸስ» ለፍላፊ፣ «ኤለክወንት» አንደበተ ርቱዕ፣ «ሶሊለኪ» ለብቻ የሚነገር። «ቤነ» በጎ፣ «ማለ» ክፉ፣ «ቮል» መሻት፤ «ቤኔቮለንት»ና «ማሌቮለንት» ከዚያ ይወጣሉ።

የፊደል አጻጻፍንም ይፈታል። «ኢን» የሚለው አፍራሽ ቅጥያ ከኤል ፊት «ኢል»፣ ከአር ፊት «ኢር»፣ ከፒ ፊት «ኢም» ይሆናል። «አድ» የሚለው ደግሞ የሚቀጥለውን ተነባቢ ይመስላል፤ ለዚህ ነው «አፍሉወንት» ሁለት ኤፍ፣ «አክሰለሬት» ሁለት ሲ ያላቸው። የኛው «ይትሰበራል» የሚለው «ት»ን ውጦ «ይሰበራል» ሲሆን «ሰ» እንደምትጠብቀው ማለት ነው። በአማርኛ ጥብቀቱ አይጻፍም፣ በእንግሊዝኛ ግን ሁለት ፊደል ሆኖ ይጻፋል።

ሥር የሚያሳስትባቸው ደግሞ አሉ፤ እነዚህን ለብቻ ያዢ። «ኤነርቬት» ኃይል መስጠት ይመስላል፤ ትርጉሙ ግን ማድከም ነው። ላቲኑ ጅማትን ማውጣት ማለት ነው። «ኖይሰም» ከጩኸት ጋር ዝምድና የለውም፤ የሚከረፋ፣ ጎጂ ነው። «ሬስቲቭ» ያረፈ ማለት አይደለም፤ አልገዛም ባይ፣ የሚቁነጠነጥ ነው። «ኢንፍላመብል» ይቃጠላል፤ አይቃጠልም ብሎ ከእሳት አጠገብ ያስቀመጠ ወዮለት። «ሚሰንትሮፕ» ላይ ያለው «ሚስ» ደግሞ እንደ «ሚስቴክ»ው የስሕተት አይደለም፤ የግሪክ ጥላቻ ነው፤ ሰው ጠል።

ደንቡ፦ ሥር ለማስታወስ እንጂ ለመገመት አይደለም። መጀመሪያ መዝገበ ቃላት፣ ከዚያ ሥሩ።

ጥብቅና ላላ፦

ስለ ድምፅ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳው። ቃልን በዓይን ብቻ የያዘ ሰው ሲሰማው አያውቀውም፤ ሲናገረውም አይሰማም። «ኢፒተሚ» አራት ክፍል ነው፤ «ኤፒቶም» አይባልም። «ሃይፐርበሊ» እንጂ «ሃይፐርቦል» አይደለም። «ኢንዳይት» ላይ ሲ አትነበብም፤ «ሰትል» ላይ ቢ አትነበብም፤ «ፓራዳይም» ላይ ጂ አትነበብም።

ሌላው ጫናው ነው፤ የትኛው የቃሉ ክፍል በርትቶ ይነገራል የሚለው። እኛ «አለ» ብለን ጽፈን «ተናገረ» እና «ይገኛል» የምንለየው በማጥበቅና በማላላት ነው፤ ጽሑፉ ላይ ምንም የለም። እንግሊዝኛም እንዲሁ ያደርጋል፣ ግን በጫና፤ «ኮንዳክት» ጫናው ፊት ሲሆን ስም፣ ኋላ ሲሆን ግሥ ነው። ካርዱ ላይ ጫና ያረፈበትን ክፍል አስምሪበት። በእኛ ፊደል የተጻፈ ንባብ ግን ካርድ ላይ አታስገቢ፤ የእንግሊዝኛን አናባቢ ሁሉ ወደ ሰባት ቤት ይሰበስበዋል። ከመዝገበ ቃላት ድምፁን አውርደሽ ለጥፊ።

ንቢቱ፦

ጋሼ ፊደል፣ እርስዎ ስለ አማርኛው ፍቺ አልነገሩንም። ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ጋሼ ፊደል፦

ይቆይ፣ ግን ሎሌ ሆኖ። ተጨባጭ ነገር ለሆነ ስም፣ ለተክል፣ ለዕቃ፣ ለእንስሳ፣ የአማርኛው ስም በ2 ሴኮንድ ይጨርሰዋል፤ በእንግሊዝኛ ሦስት መስመር ማንበብ ከንቱ ድካም ነው። ለቅጽልና ለግሥ ግን አንድ ለአንድ አይሄድም።

የማታ አንባቢ፦

እዚህ ላይ አልስማማም፣ ጋሼ። ለጀማሪ እሺ፤ ጂአርኢ ለሚፈተን ግን አማርኛው ሙሉ በሙሉ ቢወጣ ይሻላል። «ወፍራም»ን ብቻ እንይ። ወፍራም ሰው፣ ወፍራም መጽሐፍ፣ ወፍራም ቡና፣ ወፍራም ድምፅ እንላለን። እንግሊዝኛው ለሰውየው «ፋት»፣ ለመጽሐፉ «ቲክ»፣ ለቡናው «ስትሮንግ»፣ ለድምፁ «ዲፕ» ይላል። አንድ የአማርኛ ቃል አራት ቦታ ከሄደ፣ ፍቺው ምን ነገረን? መስተዋድዱም ችግር ያመጣል፦ «ስለ ጉዳዩ ተወያዩ» ስለምንል «ዲስከስ» ላይ «አባውት» እንጨምራለን፤ እንግሊዝኛው አይፈልገውም።

ጋሼ ፊደል፦

ምሳሌው ለእኔም ይሠራል። «ወፍራም» ብቻውን ፍቺ አይሆንም፤ «ወፍራም ቡና» ግን ይሆናል። ስለዚህ አማርኛውም ከጓደኛው ጋር ይጻፍ። ስለ «ዲስከስ» ያልከውን እቀበላለሁ።

መዝገበ ቃላቱን በተመለከተ አንድ ልጨምር። ሎንግማን ለተማሪ ያዘጋጀው መዝገበ ቃላት ፍቺውን የሚጽፈው በ2000 ገደማ ቀላል ቃላት ነው፤ ፍቺውን ለመረዳት ሌላ ፍቺ አያስፈልግም። ሜሪያም ዌብስተር ግን ፍቺዎቹን የሚደረድረው በታሪክ ቅደም ተከተል ነው፤ ቀድሞ የተነሣው ትርጉም ይቀድማል። መጀመሪያ ያገኘሽውን ቀድተሽ ካርድ ካደረግሽ ዛሬ ማንም የማይጠቀምበትን ትርጉም ልትሸመድጂ ትችያለሽ።

ሥርወ ቃል፦

ጂአርኢ ላይ ሰው የሚወድቀው በብርቅዬ ቃል ብቻ አይደለም። የለመድነው ቃል በሁለተኛ ትርጉሙ ሲመጣ ነው። ካርድ የሚገባቸው እነዚህ ናቸው፦ «ፐደስትሪያን» እግረኛ ብቻ ሳይሆን ተራ፣ ጣዕም የሌለው ሥራ። «ኳሊፋይ» ብቁ መሆን ብቻ ሳይሆን የተናገሩትን መገደብ፣ «ግን» ማስገባት። «ቼክ» መግታት። «ፍላግ» መድከም፣ መዛል። «ዎንት» ስም ሲሆን እጦት። «አሬስት» ማስቆም። «ሳንክሽን»ን ከዜና በማዕቀብነቱ ብቻ ነው የምናውቀው፤ መፍቀድ፣ ማጽደቅም ነው። ተቃራኒ ሁለት ትርጉም በአንድ ቃል! የሚለየው ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ነው።

ለእያንዳንዱ ትርጉም የየራሱ ካርድ። ሦስት ትርጉም በአንድ ካርድ ከሆነ ሁለቱን አስታውሰሽ ሦስተኛው ሲጠፋ የትኛውን አዝራር ትጫኛለሽ?

ካርድ ቆጣሪ፦

ፈተናውን በተመለከተ፦ ከመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያጠረው ጂአርኢ የቋንቋ (ቨርባል) ክፍሉ 27 ጥያቄ ነው፤ 12ቱ በ18 ደቂቃ፣ 15ቱ በ23 ደቂቃ። ግማሽ ያህሉ ንባብ ነው። ስለዚህ ከ75 ደቂቃሽ 35ቱ ለንባብ ይሁን። በአንድ ርዕስ ላይ ሁለት ሦስት ሳምንት ቆዪ፤ ያው ቃል ደጋግሞ ይመጣልሻል። በቀን ከ5 ቃል በላይ አታስምሪ። ለሁለተኛ ጊዜ ያገኘሽው ቃል ብቻ ካርድ ይሁን፤ አንዴ ብቻ የታየ ቃል መንገደኛ ነው፣ ይለፍ። ከንባብ የሚወጣው ካርድ ከ12ቱ ውስጥ ይቆጠራል፣ በላዩ አይጨመርም።

ከስድስት ምርጫ ሁለት በሚመረጥበት ጥያቄ ላይ ሁለቱም ካልተገኙ ነጥብ የለም፤ ግማሽ ብሎ ነገር የለም። ምርጫዎቹን ሳታዪ ባዶውን በራስሽ ቃል ሙዪ፤ በአማርኛም ቢሆን ይሁን። ከዚያ በፊት «ኦልዶ»፣ «ዲስፓይት»፣ «ሄንስ» የመሳሰሉትን፣ ሐሳቡ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠቁሙ ማጠፊያዎች ፈልጊ። ወጥመዱ፦ ምርጫው ውስጥ ፍጹም ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ቃላት ተቀምጠው ለዓረፍተ ነገሩ ግን የማይሆኑ። ተመሳሳይ ስላገኘሽ አትቸኩዪ።

ንቢቱ፦

ገብቶኛል። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ አራት አምስት ቀን ቢታለፍስ?

ካርድ ቆጣሪ፦

በአንድሮይድ ስልክ ላይ የሚሠራው አንኪ፣ አንኪድሮይድ፣ ያለ ኔትወርክ ይሠራል፤ ነጻም ነው። ኔትወርክ የሚያስፈልገው ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ጋር ለማመሳሰል ብቻ ነው። በየሳምንቱ ካርዶቹን በፋይል አውጥተሽ ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው፤ ስልኩ ቢጠፋ የ4 ወር ሥራ አብሮ አይጠፋም።

ከታለፈ ደግሞ፦ አዲሱን ካርድ ወደ 0 አውርጂ። የክለሳውን ጣሪያ 100 አድርጊ። ውዝፉ 400 ቢሆን በቀን 100 ስትሠሪ አዳዲስ የሚደርሱም ስላሉ 4 ቀን አይበቃም፤ እስከ 10 ቀን ሊወስድ ይችላል። ሁሉን በአንድ ሌሊት ልጨርስ ካልሽ ከሁለት መቶው በኋላ «ሃርድ»ን በዘፈቀደ መጫን ትጀምሪያለሽ። ውዝፉ ሲያልቅ በ6 አዲስ ጀምሪ፤ ከሳምንት በኋላ ወደ 12 መልሺው፤ የክለሳውን ጣሪያም ወደ 200።

ጥብቅና ላላ፦

በዚያ 10 ቀን ድምፁን ክፈቺውና ከንፈርሽ ይንቀሳቀስ። ታክሲ ውስጥ ከሆንሽ ሰው ያይሻል፤ ይየው።